በስምሽ የተጻፈው የትምህርት ዕቅድ ምን ይላል? ስለ ልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ዕቅድና መብት

አንድ ተማሪ ማየት፣ መስማት፣ መንቀሳቀስ ወይም መናገር ሲያስቸግረው፣ ወይም ትምህርት እንደ እኩዮቹ አልገባ ሲለው፣ ትምህርት ቤቱ ሊያዘጋጅለት የሚገባ ወረቀት አለ። የግለሰብ የትምህርት ዕቅድ ይባላል። መምህራን ባጭሩ «አይኢፒ» ይሉታል። ተማሪው ዛሬ የት እንዳለ፣ በዓመቱ የት መድረስ እንዳለበት፣ እዚያ እንዲደርስ ማን ምን እንደሚያደርግለት የሚናገር ወረቀት ነው።

ብዙ ጊዜ ታዲያ ወረቀቱን የማያውቀው ባለቤቱ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህሩ ይጽፈዋል። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያደርግበታል። እናት ወይም አባት ተጠርተው ይፈርማሉ። ከዚያ ፋይል ውስጥ ይገባል። ልጁን «ዕቅድህ ምን ይላል?» ብትሉት ትከሻውን ይሰብቃል።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ዕቅዱን ለልጁ ማስረዳት የዕቅዱ ዋና ሥራ ነው። ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ተጨማሪ ነገር አድርጎ ማየት ልጁን ይጎዳል። ምክንያቱን ለማየት አንድ የትምህርት ቀን ማሰብ ይበቃል። ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ በየክፍለ ጊዜው መምህር ይቀያየራል። የሒሳቡ ይወጣል፣ የእንግሊዝኛው ይገባል። የልዩ ፍላጎት መምህሩ በየክፍሉ ሊገኝ አይችልም። እናት ሥራ ላይ ናት። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ድረስ በሁሉም ክፍለ ጊዜ የሚገኘው ተማሪው ራሱ ብቻ ነው። እሱ ካላወቀው ዕቅዱን ክፍል ውስጥ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጅማ ላለን ወላጆች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ መምህራንም ነው። ማንበብ የሚችል ተማሪ ካለ ደግሞ ራሱ ያንብበው።

ወረቀቱ ውስጥ ያለው ነገር

በምሳሌ ልሂድ። አንዲት ተማሪ ጅማ ከተማ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ትማራለች እንበል። ዓይኗ በጭላንጭል ነው የሚያየው። መጽሐፍ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ታነባለች። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አይታያትም።

የዕቅዱ የመጀመሪያ ክፍል አሁን ያለችበትን ሁኔታ ይገልጻል። እዚህ ላይ ብዙ ዕቅዶች ይበላሻሉ። «የዓይን ችግር አለባት፤ በትምህርቷ ደካማ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ለማንም መምህር ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢጻፍስ? «ከሰሌዳ መገልበጥ አትችልም። ፊደሉ ተልቆ ሲታተምላት ታነባለች፣ ግን ከሌሎች የበለጠ ጊዜ ትወስዳለች። በቃል ስትጠየቅ ጥሩ ትመልሳለች።» አሁን መምህሩ ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ልጅቷም ስታነበው የምትችለው ነገር እንደተጻፈላት ታያለች። የምትችለው ያልተጻፈበት ዕቅድ ጎዶሎ ነው። ድጋፉ የሚቆመው በዚያ ላይ ነውና።

ቀጥሎ ግብ ይመጣል። «ንባቧ ይሻሻላል» ግብ አይባልም። ተሻሻለ አልተሻሻለ ማን ይለካዋል? «እስከ የካቲት መጨረሻ በትልቁ የታተመ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያለ ሰው እርዳታ አንብባ ከአምስት ጥያቄ አራቱን ትመልሳለች» ከተባለ ግን በየካቲት መጨረሻ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ግቡ ካልተሳካ ጥፋቱ የልጅቷ ነው ማለት አይደለም። ድጋፉ አልተሰጠ ይሆናል፤ ግቡ በዝቶም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የድጋፍ ዝርዝር ነው። ለተማሪዋ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማት ይህ ክፍል ነው። የፊት ወንበር፣ ብርሃኑ ዓይኗ ላይ በማያርፍበት በኩል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጮክ ብሎ እያነበበ። የፈተና ወረቀት ፊደሉ ተልቆ። ተጨማሪ ደቂቃ። ማስታወሻ የሚያካፍላት የክፍል ጓደኛ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ኃላፊው መጻፍ አለበት። «ትምህርት ቤቱ ያሟላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አይጠይቅም። «የፈተናውን ወረቀት አልቆ የሚያሳትመው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው» ከተባለ ግን ልጅቷ የማንን በር እንደምታንኳኳ ታውቃለች።

የመጨረሻው የክለሳ ቀን ነው። ዕቅዱ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ መቀመጥ የለበትም። ጅማ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ፣ ከገጠር የሚመጡ ወላጆችን ማግኘት ይከብዳል። አንዳንድ ልጆችም ይቀራሉ። የክለሳውን ቀን እዚያ መሃል ማድረግ ስብሰባውን ያለ ወላጅ ማካሄድ ነው። ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

የአካባቢያችን ነገር ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት የምለው በቀልድ አይደለም። ጅማ ዝናብ አይለያትም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ደህና የሚሰማ ልጅም መምህሩን አይሰማም። በከፊል የሚሰማ ልጅ ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ ጠፋው ማለት ነው። ስለዚህ «ዝናብ ሲዘንብ መምህሩ ዋና ዋናውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል» የሚል አንድ መስመር ዕቅዱ ውስጥ ቢኖር ብዙ ቀን ያድናል። በክራንች ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ልጅም ጭቃው የትምህርት ጉዳይ ነው። ክፍሉ ምድር ላይ ይሁንለት። ከግቢው በር እስከ ክፍሉ ድረስ ድንጋይ ወይም ጠጠር ይነጠፍለት። መጸዳጃ ቤቱም የሚገባበት ዓይነት ይሁን። መጸዳጃ ቤት መግባት ስለማይችል ጠዋት ውኃ ሳይጠጣ የሚመጣ ልጅ እንዴት አድርጎ ይማራል?

ልዩ ፍላጎት ሲባል በዓይን የሚታይ ጉዳት ብቻ አይደለም። መስማት የተሳነው ልጅ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ወይም አስተርጓሚ ይፈልጋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ትምህርቱ በትንንሽ ተከፋፍሎ፣ በሚዳሰስ ነገር ሲቀርብላት ትማራለች። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የቀኑ ፕሮግራም አስቀድሞ ሲነገረው ይረጋጋል። የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ዕቅድ ሲጥላት መምህሩ ምን ማድረግ እንዳለበት መያዝ አለበት። የሚጎዳትን ነገር ከአካባቢዋ ማራቅ፣ በጎን ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመጨመር፣ ክብሪት አለመለኮስ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየባት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። የሚንተባተብ ልጅ ደግሞ የቃል ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲመልስ ሊፈቀድለት ይችላል። ፊደል የሚምታታበት፣ ቁጥር የሚገለበጥበት ልጅም አለ። እሱን «ሰነፍ» ብለን እንተወዋለን። በእኔ እምነት በጣም የሚበደለው ይሄኛው ነው፤ ጉዳቱ ስለማይታይ ማንም አይከራከርለትም።

ለልጁ እንዴት እንንገረው?

ካርድ በሚሰጥበት ቀን አይሁን። ያን ቀን ልጁ የሚሰማው ውጤቱን ብቻ ነው። ሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይሁን። ያ ሰው እናቱ ልትሆን ትችላለች፣ አክስቱ፣ ወይም የልዩ ፍላጎት መምህሩ።

ወረቀቱን እንዳለ አታንብቡለት። ዕቅዶች የሚጻፉት በቢሮ ቋንቋ ነው። «ተማሪዋ የዕይታ ውስንነት ያለባት በመሆኑ የመማር ማስተማሩ ሂደት...» እያለ ይቀጥላል። ይህን «እኔ» ብሎ በሚጀምር አጭር ዓረፍተ ነገር ገልብጡት። «እኔ ሰሌዳው አይታየኝም። ሲነበብልኝ እከታተላለሁ። ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ አለኝ።» ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል። ምን ይቀለኛል፣ ምን ይከብደኛል፣ ምን ሲደረግልኝ እችላለሁ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ለጥፉለት። ብሬይል የሚያነብ ከሆነ በብሬይል ይሁን። ማንበብ ለማይችል ሥዕል ወይም በስልክ የተቀዳ ድምፅ ይሠራል።

ከነገራችሁት በኋላ «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰው «ገባህ?» ሲለው መልሱ «አዎ» ነው። ባይገባውም «አዎ» ነው። ይልቅ «ለአያትህ ንገራት እስቲ» በሉት። ወይም «ነገ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ ቢጽፍ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የገባውንና ያልገባውን ያሳያችኋል።

መስማት ለተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ ይነገረው። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ከልጁ በቀር ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ የለም። «ብላ፣ ና፣ ሂድ» በእጅ እንደምንም ይነገራል። ዕቅድና መብት ግን በዚያ አይነገርም። ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ወይም ትልልቅ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቢያስረዱት ይሻላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባት ልጅ ደግሞ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ንገሯት። ወንበሯን ወስዳችሁ አሳዩዋት። የምትሄድበትን መምህር ፊቱን አሳዩዋት። በሳምንቱ ድገሙላት። «እሷ አይገባትም» ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው። ከዕቅዱ ሁሉ የምትይዘው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ «ሲከብደኝ እጄን አነሣለሁ» የሚለው ከሆነ ቀኗን ይለውጠዋል።

ቋንቋ እዚህ ከተማ ትልቅ ጉዳይ ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ አለ፤ በአማርኛ የሚማርም አለ። ትምህርት ቤቱ ዕቅዱን በአፋን ኦሮሞ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ቤት ያለው ወላጅ ደግሞ አማርኛ ብቻ ያነብ ይሆናል። ተቃራኒውም አለ። ሳይገባችሁ አትፈርሙ። «በምንሰማው ቋንቋ ያስረዱን» ማለት ነውር የለውም። ልጁም የሚለማመደውን ዓረፍተ ነገር በሚማርበት ቋንቋ ይለማመደው። ቤት ውስጥ በአማርኛ የተለማመደውን ክፍል ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ለመናገር ከተቸገረ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጁ መጠየቅ አለበት። በእኛ ባህል ልጅ መምህሩን «ይህን አድርጉልኝ» ሲል ድፍረት ይመስላል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከአክብሮት ጋር የሚጠይቅበትን አነጋገር አብረን እንፈልግለት። ለምሳሌ «ቲቸር፣ እየጻፉ ቢያነቡልኝ እከታተላለሁ። ዕቅዴም ላይ አለ።» አጭር ነው፣ ትሕትና አለው፣ ወረቀቱንም ይጠቅሳል። ትምህርቱ መሃል ላይ ከሚሆን መምህሩ ሲገባ ወይም ደወል ሲደወል ቢሆን ይመረጣል። ቤት ውስጥ እናንተ መምህር ሁኑ፣ ልጁ ይጠይቃችሁ። አንዳንዴ «አሁን ጊዜ የለኝም» በሉት፤ ቀጥሎ ምን እንደሚል ይለማመድ። «እሺ ቲቸር፣ በእረፍት ሰዓት ልምጣ?» ማለት ከቻለ ተሳክቶለታል።

ዕቅዱ በሚዘጋጅበትና በሚከለስበት ስብሰባ ላይ ልጁ ይቀመጥ። ትንሽ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ይግባ። መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ፤ ትልልቆቹ ከተናገሩ በኋላ የሚለው ነገር አይኖረውም። ምን እንደሚከብደው ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። ያን ጊዜ ከትልልቆቹ አንዱ ስለ ልጁ ልጁ እንደሌለ አድርጎ ማውራት ከጀመረ በትሕትና አስቁሙት። ሌላም ነገር አለ። የሐኪም ወረቀቱ የሚለው በሽታ ወይም ጉዳት በክፍል ፊት መነበብ የለበትም። መምህራን ማወቅ ያለባቸው ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ነው። የቀረውን ለማን እንደሚናገር የሚመርጠው ልጁና ቤተሰቡ ነው።

መብቱ ከየት ይመጣል?

«ትምህርት ቤቱ ደግ ስለሆነ ነው» የሚል ልጅ ድጋፉ ሲቋረጥ ዝም ይላል። ደግነት አይጠየቅማ። ስለዚህ ልጁ ድጋፉ ከሕግ የመጣ መሆኑን ይወቅ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 41 ንዑስ 3 የኢትዮጵያ ዜጋ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ንዑስ 5 ደግሞ መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። አንቀጽ 9 ንዑስ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል።

ይህ የመጨረሻው በር ይከፍታል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ወጣ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀችው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት አይገለልም፤ ለእያንዳንዱም እንደ ፍላጎቱ ድጋፍ ይደረግለታል ይላል። የግለሰብ ዕቅዱ ሥር እዚህ ነው። አንቀጽ 7 ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና ብስለታቸው ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12ም ተመሳሳይ ነገር ይላል። ልጁን ስብሰባው ላይ ማስቀመጥ እንግዲህ የሕግ ጉዳይም ነው።

የትምህርት ሚኒስቴርም ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የራሱ ስትራቴጂዎች አሉት። የመጀመሪያው በ1998 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ በ2004 ተሻሽሏል። የአካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ላይ የማስተማር፣ መርጃ ማዕከላት የሚባሉትም ከዚህ አቅጣጫ የመጡ ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት መሣሪያና ባለሙያ ይዞ ዙሪያውን ያሉትን ትምህርት ቤቶች ይደግፋል። ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከየትኛው ማዕከል ጋር እንደተያያዘ ጠይቁ።

«አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ርዕሳነ መምህራን የሚመልሱት በእሷ ነው። «በጀት የለንም።» እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ነገር የለም። የብሬይል ወረቀት ያልቃል። አስተርጓሚ የሚቀጠርበት መደብ ላይኖር ይችላል። ለአዲስ ራምፕ (ዊልቸር ለሚወጣበት ተዳፋት) ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ግን ገንዘብ የማይጠይቁትን ለዩአቸው። የፊት ወንበር ገንዘብ አይጠይቅም። እየጻፉ ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም። አሥራ አምስት ደቂቃ መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ ክፍል መለዋወጥ ብቻ ነው። ስምምነቱ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከመጠን ያለፈ ጫና የማይፈጥር ማስተካከያ። አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ስለዚህ «በጀት የለም» ሲባል «ገባኝ፣ እነዚህን አራቱን ግን ከነገ ጀምሮ ማድረግ እንችላለን?» በሉ። ገንዘብ የሚጠይቀውን በጽሑፍ አስመዝግቡ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል የትምህርት ቤቱ ድጎማ ሲታቀድ እንዲነሣ ጠይቁ።

የሐኪም ወረቀትም እንዲሁ ማዘግያ ሊሆን አይገባም። ምርመራው ያስፈልጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ስላለ ልጁን ማሳየት ትልቅ ጥቅም አለው። በመነጽር ብቻ የሚስተካከል ሊሆንም ይችላል። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ልጁ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ስልካችሁ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ብትፈልጉ የሚወጣው አብዛኛው የአሜሪካ ነው። እዚያ እንደ ፈረንጆቹ በ1975 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የግል ዕቅድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከትምህርት በኋላ ስለሚሠራው ሥራና ኑሮ በሚመከርበት ስብሰባ ላይም ተማሪው ራሱ እንዲጠራ ሕጉ ያዛል። ጥሩ ነገር ስለሆነ ሐሳቡን ውሰዱ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታችሁ የአሜሪካ አንቀጽ መጥቀስ ግን አይጠቅማችሁም። እዚህ የሚጠቀሰው ሕገ መንግሥቱና አዋጅ 676 ነው።

ዕቅዱ ካልተፈጸመ

መጀመሪያ የክፍለ ጊዜውን መምህር አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ መምህሩ ዕቅዱን አላየውም። ሃምሳ ስድሳ ልጅ ይዞ አንዱ ምን እንደሚያስፈልገው ማንም ካልነገረው በምን ያውቃል? ያቺን አንድ ገጽ ስጡት። ያ ካልሠራ የልዩ ፍላጎት መምህሩ፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ አሉ።

ከዚያ በላይ ከሄደ በጽሑፍ ይሁን። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። ቀን፣ የተማሪው ስምና ክፍል፣ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ድጋፍ፣ ያልተደረገው ነገር፣ የምትጠይቁት። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በሌላው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱበት። «ነግሬያቸው ነበር» ከማለት «በዚህ ቀን ገቢ ያደረግሁት ደብዳቤ ይኸው» ማለት ሰሚ ያገኛል። የዕቅዱን ኮፒም በእጃችሁ ያዙ።

ትምህርት ቤቱ ካልመለሰ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ብዙዎቻችን ዋጅራ በርኖታ የምንለው። እዚያም ካልተፈታ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ከተማ ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ይቀበላል፣ ክፍያም የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ደብዳቤ ማርቀቅ ሲያቅታችሁ እዚያ ጠይቁ። ልጁ አድጎ ከሆነ አቤቱታው ላይ ራሱ ይናገር። ነገሩ የሱ ነው።

ልጁ ግን መጋፈጡ የሱ ብቻ ኃላፊነት እንዳይመስለው። ጠይቆ ከተቆጡት ወይም ከተሳቀበት ቤት መጥቶ እንዲናገር፣ ሲናገርም ትልቅ ሰው ተነሥቶ እንዲሄድለት ይወቅ። ልጅን መብት አስተምሮ ብቻውን መላክ ጭካኔ ነው።

ትምህርት ቤት ሲቀየርና ፈተና ሲመጣ

ሁለት ቦታ ላይ ዕቅድ ይጠፋል። አንዱ ዝውውር ነው። ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ፣ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ሲታለፍ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ይቀየራል። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሌሎች ወረዳዎች መጥተው ቤት ተከራይተው ጅማ የሚማሩ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችም አሉ። መሸኛና ትራንስክሪፕት ይዘው ይመጣሉ፣ ዕቅዱ ግን እዚያው ይቀራል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይጀምራል፤ ልጁም ወራት ያጣል። መሸኛ ስትወስዱ ዕቅዱንም ኮፒ ጠይቁ። በምዝገባው ቀን ስጡ፣ ትምህርት እስኪጀመር አትጠብቁ።

ሌላው ፈተና ነው። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፤ በ12ኛ ብሔራዊ። ዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢና ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ግን የሚዘጋጀው በምዝገባ ጊዜ በተሞላው መረጃ መሠረት ነው። የጉዳቱ ዓይነት ካልተመዘገበ በፈተናው ጠዋት አንባቢ ከየት ይመጣል? ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጉዘው መፈተን ጀምረዋል። በዊልቸር ለሚሄድ ተማሪ መኝታው ምድር ቤት መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ሆኗል። ከአንባቢ ጋር መፈተንም ልምምድ ይጠይቃል። ጥያቄውን ሁለቴ እንዲያነብለት፣ ምርጫዎቹን ቀስ ብሎ እንዲል፣ መልሱን ከማጥቆሩ በፊት መልሶ እንዲነግረው መጠየቅን ተማሪው በክፍል ፈተናዎች ላይ ይልመደው። ይህም ዕቅዱ ውስጥ እንደ አንድ ግብ ሊጻፍ ይችላል።

ቅጹ ሲሞላ ተማሪው አጠገብ ይሁን። ይነበብለት። የስሙ ፊደል ትክክል መሆኑን፣ የጉዳቱ ዓይነት መሞላቱን፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ መጻፉን እሱ ራሱ ያረጋግጥ፣ ከዚያ ይላክ።